ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ዌይንራይቶች በእግርና በአውቶቡስ መጨረስ

የእንግሊዝ ከፍተኛ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው። ቆላ ከምንላት ከድሬዳዋ እንኳ ዝቅ ይላል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው አካባቢ ያሉትን፣ አልፍሬድ ዌይንራይት የተባለ ጸሐፊ በዝርዝር ያሰፈራቸውን 214 ተራሮች አንድ በአንድ እየወጣሁ መሆኔን የነገርኳቸው የአገሬ ልጆች ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን አስታውሰው «ይህማ ጉብታ ነው» ይሉኛል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ንቀቱ ግን ሰው ይጎዳል። የምትነሱበት ሸለቆ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያላለ ስለሆነ ከፍታውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን በእግራችሁ ትወጡታላችሁ። ዝናቡም እንደ እኛ ክረምት ወሩን ጠብቆ አይመጣም፤ በቦሮዴል ሸለቆ ያለችው ሲዝዌይት የተባለች መንደር በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል። ጠዋት በፀሐይ የተነሳ ሰው እኩለ ቀን ላይ አሥር እርምጃ ፊቱን በማያይበት ጉም ውስጥ ሊቆም ይችላል።

ይህን የምጽፈው በብሪታንያ ለሚኖር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሚሠራ፣ መኪና ለሌለው ሰው ነው። የሳምንት መጨረሻና የአውቶቡስ ትኬት ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ዝርዝሩን የሠራው ሰውም ከዚህ የተሻለ አልነበረውም።

ዝርዝሩ ከየት መጣ

አልፍሬድ ዌይንራይት በ1907 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጥጥ ፋብሪካ ከተማ በነበረችው በብላክበርን ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆነ። በ1930 ከአንድ ዘመዱ ጋር ለዕረፍት ወደ ዊንደርሚር ሄዶ ኦረስት ሄድ የምትባል ትንሽ ኮረብታ ወጣ፤ ከዚያ ላይ ያያቸው ተራሮች ዕድሜ ልኩን አልለቀቁትም። በ1941 ለሥራ ወደ ኬንዳል ተዛወረ፣ በኋላም የከተማዋ የገንዘብ ሹም ሆነ። በኅዳር 1952 የመጀመሪያውን ገጽ ጀመረ። መኪና አልነዳም። በየሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ እየሄደ፣ ማታ ማታ በብዕርና በቀለም እየጻፈና እየሣለ፣ በ13 ዓመት ውስጥ ሰባት ቅጽ ያለውን የሌክላንድ ተራሮች ሥዕላዊ መመሪያ ጨረሰ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1955፣ የመጨረሻው በ1966 ታተመ።

መጽሐፎቹ በማተሚያ ፊደል የተለቀሙ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ገጽ ራሱ የጻፈው ነው። መጀመሪያ የሠራቸውን መቶ ያህል ገጾች የመስመሮቹ ጫፍ በቀኝ በኩል እኩል ስላልሆነ ብቻ ጥሎ እንደገና ጀምሯል። ብራና ላይ የሚጽፉ የአገራችንን ቁም ጸሐፊዎች ያየ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል።

በሰባቱ ቅጾች 214 ተራሮች አሉ፤ በምሥራቃዊው 35፣ በሩቅ ምሥራቃዊው 36፣ በመካከለኛው 27፣ በደቡባዊው 30፣ በሰሜናዊው 24፣ በሰሜን ምዕራባዊው 29፣ በምዕራባዊው 33። ዛሬ ተጓዦች እያንዳንዱን ጫፍ «ዌይንራይት» ብለው በደራሲው ስም ይጠሩታል።

መጽሐፉንና ካርታውን ያዙ

ሰባቱን ቅጽ በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። በምትጀምሩበት አካባቢ ያለውን አንዱን ያዙ። አሮጌ ቅጂ በርካሽ ታገኛላችሁ፤ ለማንበብ ድንቅ ነው፤ መንገዶቹ፣ አጥሮቹና የመኪና ማቆሚያዎቹ ግን ተለውጠዋል። ለጉዞ ከ2005 ወዲህ የተሻሻሉትን እትሞች ምረጡ።

መጽሐፉ ካርታ አይተካም። የብሪታንያው የካርታ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያወጣቸው በ1፡25,000 መጠን የተሠሩ አራት ካርታዎች ከኦኤል 4 እስከ ኦኤል 7 ያሉት ናቸው፤ አካባቢውን ከሞላ ጎደል ይሸፍኑታል። ስልክ ላይ ካርታ መጫን ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ብርድ ባትሪ ይበላል፤ እርጥብ ጣትም መስታወቱን አይታዘዘውም። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ከቦርሳችሁ አይጥፉ። አጠቃቀሙንም ጠራራ ቀን ላይ፣ መንገዱን እያያችሁ ተለማመዱ፤ ጉም ውስጥ ሆኖ መማር አይቻልም።

ስሞቹንም ቀድማችሁ ተለማመዷቸው። ብዙዎቹ ከሺህ ዓመት በፊት አካባቢውን ከሰፈሩበት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ የወረዱ ናቸው። ፌል ተራራ፣ ቤክ ጅረት፣ ታርን ትንሽ የተራራ ሐይቅ ነው። ሃውዝ የሚሉት እኛ ጣርማ በር ስንል «በር» የምንለውን፣ በሁለት ተራሮች መካከል ያለውን መሻገሪያ ነው። አንድ ስም ለሁለት ተራራ የተሰጠበትም አለ፤ ሁለት ሃርተር ፌል፣ ሁለት ሃይ ፓይክ፣ ሁለት ሃይ ሬይዝ ታገኛላችሁ። ስለዚህ የወጣችሁትን ስትመዘግቡ ከስሙ ጎን የቅጹን ስም ጻፉ።

ዙር አውጡ፣ ቀሪ አታስቀሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ተራራ ወጥቶ አንድ ተራራ መውረድ 214 ቀን ይፈጃል። ተራሮቹ ግን በሸንተረር የተያያዙ ስለሆኑ አንዴ ከፍታ ላይ ከወጣችሁ ብዙ ጫፍ በአንድ ቀን ይገናኛል። በቀን በአማካይ አራት ብታደርሱ 54 ቀን ያህል ይበቃችኋል። በወር አንድ ቀን የምትወጡ ከሆነ አራት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ይህ ለሠራተኛ ሰው የሚመች ፍጥነት ነው፤ እኔም ከዚህ እንድትፈጥኑ አልመክርም።

ምሳሌ ልስጥ። ከአምብልሳይድ ከተማ ተነስታችሁ ሎው ፓይክ፣ ሃይ ፓይክ፣ ዶቭ ክራግ፣ ሃርት ክራግ፣ ፌርፊልድ፣ ግሬት ሪግ፣ ሄሮን ፓይክና ናብ ስካር የሚባሉትን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ዞራችሁ ብትመለሱ በአንድ ቀን ስምንት ጫፍ ይቆጠርላችኋል። ከፍተኛው ፌርፊልድ 873 ሜትር ነው። ዙሩ ዝነኛ ነው፣ እይታውም ያማረ ነው። ወጥመዱ ግን ከግሬት ሪግ ትንሽ ወረድ ብሎ ወደ ግራስሚር በኩል ያለው ስቶን አርተር ነው፤ እሱም ከ214ቱ አንዱ ሲሆን ከዙሩ ውጭ ይቀራል። እኔ በዚያ ቀን ከሁለት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት አልፌዋለሁ። በኋላ ለእሱ ብቻ ሌላ ቀን፣ ሌላ የባቡር ትኬት ከፈልኩ።

እንዲህ ያሉትን «ቀሪዎች» ከመጀመሪያው ለማስቀረት፣ 214ቱን ጫፎች በካርታው ላይ በእርሳስ አክብቡ። ከዚያ ዙሮቹን በቀለም አስምሩ። በማንኛውም መስመር ያልተነካ ክብ ካለ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ለየትኛው ዙር ሊጨመር እንደሚችል ወስኑ። ሥራው አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጃል፤ የሚያተርፈው ግን ብዙ ቀን ነው።

ደግሞ ዝነኞቹን ብቻ ቀድማችሁ አትጨርሱ። ሄልቬሊን፣ ስካፌል ፓይክ፣ ግሬት ጌብል መጀመሪያ ካለቁ ለመጨረሻ የሚቀሩት ረግረግ የበዛባቸውና ስም የለሾቹ ይሆናሉ፤ ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ ይተወዋል። በየዓመቱ ከሁለቱም ቀላቅሉ። በበኩሌ ከምወዳቸው መካከል ማንም ሰው የማይገኝባት ቢንሲ አለች። 447 ሜትር ብቻ ናት፣ በሰሜን ጫፍ ለብቻዋ ቆማለች፤ ከአናቷ ላይ ባሕሩና ስኮትላንድ ይታያሉ። ዝርዝሩ ባይኖር በዚያ መንገድ አላልፍም ነበር።

ለመጀመሪያ ቀን ካትቤልስ (451 ሜትር)፣ ላውሪግ ፌል (335 ሜትር) ወይም ላትሪግ (368 ሜትር) ይበቃል። እግራችሁ፣ ጫማችሁና ልባችሁ የሚተዋወቁት እነዚህ ላይ ነው።

አውቶቡሱን ተጠቀሙበት

ከለንደን ዩስተን የሚነሳው ባቡር ኦክሰንሆልም ወይም ፔንሪዝ ያደርሳል፤ ከኦክሰንሆልም ወደ ዊንደርሚር ሌላ ትንሽ ባቡር አለ። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር 555 ነው። ይህ አውቶቡስ ከኬንዳል በዊንደርሚር፣ በአምብልሳይድና በግራስሚር አድርጎ ኬዝዊክ ይገባል፤ የአካባቢው የጀርባ አጥንት ልትሉት ትችላላችሁ። 508 ከፔንሪዝ የአልስዋተርን ሐይቅ ዳር ተከትሎ ወደ ግሌንሪዲንግና ፓተርዴል ይወስዳል። 78 ከኬዝዊክ ወደ ቦሮዴል፣ 77 ደግሞ በአውሮፓ በጋ ወደ በተርሚር ይዞራል። የጊዜ ሰሌዳው በየወቅቱ ስለሚለወጥ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት አረጋግጡ።

መኪና ያለው ሰው ወደ መኪናው መመለስ አለበት። እናንተ ግን የላችሁምና በአንድ ሸለቆ ወጥታችሁ በሌላው ልትወርዱ ትችላላችሁ። ለምሳሌ ከፔንሪዝ ወደ ኬዝዊክ በሚሄደው አውቶቡስ ትሬልከልድ ወርዳችሁ ክላፍ ሄድን ውጡ። ከዚያ ሸንተረሩን ይዛችሁ በግሬት ዶድ፣ በዋትሰንስ ዶድ፣ በስታይባሮ ዶድ፣ በሬይዝ፣ በዋይት ሳይድ፣ በሄልቬሊን፣ በኔዘርሞስት ፓይክና በዶሊዋገን ፓይክ አድርጋችሁ ወደ ደንሜይል ሬይዝ ስትወርዱ 555 መንገዱ ላይ ያልፋል። ዘጠኝ ጫፍ በአንድ ቀን! ረጅም ቀን ስለሆነ በግንቦትና በሰኔ ብርሃን አድርጉት፤ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ 17 ሰዓት ያህል ትቆያለች፣ በታኅሣሥ ግን ሰባት ሰዓት ተኩል እንኳ በጭንቅ ነው።

አውቶቡስ የማይረዳችሁ በምዕራቡ ነው። ዋዝዴል ሄድ ሩቅ ነው፤ ከሲዝዌይት በስታይ ሄድ በር ተሻግሮ በእግር መግባት ይቻላል፣ ያኔ ግን ማደር ግድ ነው። በኤነርዴል ያለው ብላክ ሴይል የተባለ ማረፊያ ድሮ የእረኞች ጎጆ የነበረ ሲሆን የሚደረስበት በእግር ወይም በብስክሌት ብቻ ነው። አልጋው ጥቂት ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ። በዚያ ሁለት ሌሊት ማደር የምዕራባዊውን ቅጽ ትልቅ ክፍል ያቀልላችኋል። ድንኳን ተክሎ ማደር በሕግ የባለ መሬቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በተግባር ከእርሻ አጥሮች በላይ፣ አምሽቶ ተክሎ በማለዳ ዱካ ሳይተዉ መነሳት ይታለፋል።

ልብስና ስንቅ

ጋቢ በደረቅ ብርድ የሚያህለው የለም። እዚህ ግን ጥጥ ጠላታችሁ ነው፤ ከራሰ አይደርቅም፣ የሰውነታችሁንም ሙቀት ይመጥጣል። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካናቴራ ቤት ይቅሩ። ከሥር የበግ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ልበሱ። አንድ ሺህ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ኮፍያና ጓንት በሐምሌም ያዙ። ጫማው ጥርሱ ጥልቅ የሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ምርኩዝም ያዙ፤ በቁልቁለት ላይ የጉልበት ዋስትና ነው።

ለስንቅ ቆሎን የሚያህል አላገኘሁም። አይበላሽም፣ አይጨፈለቅም፣ በጓንት እጅ እየዘገኑ ይበላል። ዳቦ ቆሎ፣ ተምር፣ በማር የታሸ በሶ ጨምሩበት፤ በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ያዙ። የምትጾሙ ከሆነ ቀኑን አስቡበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ወይም በረመዳን ውኃ ሳይጠጡ ስምንት መቶ ሜትር መውጣት በብርድ ውስጥ አቅምን ከመጨረሱም በላይ ፍርድን ያዛባል። ለዚያ ወቅት ዝቅ ያለችውን ኮረብታ መድቡ፣ ወይም ካርታ አንብቡ።

በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ቁሳቁስና ትርፍ ሹራብ በማንኛውም ወር ከቦርሳው አይወጡም። በበጋ ፈርን በተባለው ረጅም ቅጠላማ ተክል ውስጥ ካለፋችሁ ማታ ገላችሁን ፈትሹ፤ መዥገሩ «ላይም» የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በበረዶ ወራት የበረዶ መጥረቢያና ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ያስፈልጋል፤ አጠቃቀሙን ከአሠልጣኝ ሳትማሩ ከፍተኞቹን አትውጡ።

ሰዓቱን አስሉ፣ ለሰው ንገሩ

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። የፌርፊልድን ዙር 16 ኪሎ ሜትርና 1,000 ሜትር ዳገት ብለን ብንይዝ ወደ አምስት ሰዓት ይመጣል። ዕረፍት፣ ፎቶግራፍና ጉም ሲጨመሩ ሰባት አድርጉት። ከዚያ የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ይዛችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ የመነሻ ሰዓታችሁ ያ ነው።

የተራራ ትንበያን ከከተማ ትንበያ ለዩ። ዋናው የምታዩት የነፋሱን ፍጥነትና የደመናውን ከፍታ ነው። ደመናው 500 ሜትር ላይ ከሆነ ዝቅ ያሉትን ውጡ፤ ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ሁልጊዜ ምትክ ይኖራችኋል። በመንገድ ላይ ከተለወጠ ተመለሱ። ፌርፊልድ አናቱ ሰፊና ሜዳ ስለሆነ በጉም ጊዜ በየትኛው በኩል እንደወጣችሁ ይጠፋባችኋል፤ በሰሜኑ በኩል ደግሞ ገደል አለ። እኔ አንዴ ከአናቱ በታች ተመልሻለሁ፣ ተራራውም እስከ ሚቀጥለው ወር ጠበቀኝ።

መንገዳችሁንና የመመለሻ ሰዓታችሁን ለአንድ ሰው ተዉ። ሰውየው ሐበሻ ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትናገሩ ግልጽ አድርጉ። «በ12 ሰዓት እደውላለሁ» ማለት ለአንዱ ምሽት፣ ለሌላው እኩለ ሌሊት ነው፤ በዚህ ልዩነት መሐል ያሉት ስድስት ሰዓታት እግሩ ለተሰበረ ሰው ብዙ ናቸው።

አደጋ ከደረሰ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ጠይቁ፤ በካርታው ላይ ያላችሁበትን የመጋጠሚያ ቁጥር ንገሩ። የሚመጡት ሥራቸውን ትተው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ክፍያ አይጠይቁም። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ ድገሙ።

መጠንቀቂያ ቦታዎች

ከ214ቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእግር መንገድ አላቸው። አደጋው በአቋራጭ ነው። ከስካፌል ፓይክ ወደ ስካፌል ለመሻገር ስትነሱ ከፊት ለፊታችሁ ብሮድ ስታንድ የሚባል የድንጋይ ደረጃ ታያላችሁ። ቅርብ ይመስላል፤ ሰው ግን ወድቆበታል፣ አትንኩት። ወረድ ብላችሁ በፎክሰስ ታርን በኩል ዞራችሁ ውጡ። በሄልቬሊን ያለው ስትራይዲንግ ኤጅና በብሌንካትራ ያለው ሻርፕ ኤጅ በሁለት በኩል ገደል ያላቸው ቀጭን ሸንተረሮች ናቸው፤ ሁለቱም ተራሮች በሌላ፣ በሰፊ መንገድ ይወጣሉ። በነፋስና በእርጥብ ቀን ሰፊውን ምረጡ።

የትኛው ይቆጠራል

ዌይንራይት ተራሮቹን የመረጠው በመለኪያ ቀመር ሳይሆን በራሱ ዓይን ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ከፍ ያለው ነጥብና የእሱ ጫፍ አንዳንዴ አይገጥሙም። ሄሮን ፓይክ ላይ የሚቆጠረው 612 ሜትር ያለው ነው፤ በሰሜን ያለው ጉብታ ግን ከእሱ ይበልጣል። መንግሪስዴል ኮመን ጫፍ የሚባል ነገር የሌለው ሣር ሜዳ ነው፤ የድንጋይ ክምሩን ፈልጉ። ሁለቱንም ነጥብ ብትነኩ ክርክር ይቀራል።

ሄልም ክራግ 405 ሜትር ብቻ ናት፣ አናቷ ግን ቀጥ ያለ ቋጥኝ ነው። ደራሲው ራሱ አልወጣውም፤ በመጽሐፉ ገጽ ላይ ወጣሁ ብሎ የሚያበስርበትን ቦታ አዘጋጅቶ ነበር፣ ብሥራቱ ግን አልመጣም። የቋጥኙን እግር ነክቶ መመለስ ለእኔ በቂ ነው።

የዋዝዴሉ በግ አርቢ ጆስ ኔይለር 214ቱን በ7 ቀን ከ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሮጦ ጨርሷል። የጊዜ ገደብ አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ፣ ቀጥዬም ዌይንራይት 13 ዓመት መፍጀቱን።

የመጨረሻው

ብዙዎች ሃይስታክስን ለመጨረሻ ያስቀምጣሉ። 597 ሜትር ነው፣ ከዙሪያው ተራሮች ሁሉ ያንሳል፤ ዌይንራይት ግን ከሁሉም አስበልጦ ይወደው ነበር። በጥር 1991 ሲሞት አመዱ በፈቃዱ መሠረት እዚያ ላይ ባለው ኢኖሚኔት ታርን ዳር ተበተነ።

ከበተርሚር መንደር በሐይቁ ዳር እስከ ጌትስጋርዝ እርሻ ሂዱ፤ ከዚያ በስካርዝ ጋፕ በር ውጡ። ከበሩ ወደ አናቱ ድንጋይ ላይ በእጅ መያዝ የሚጠይቅ አጭር ዳገት አለ። ትንሿ ሐይቅ ከአናቱ አለፍ ብላ ናት። ስትመለሱ በበተርሚር ቤተ ክርስቲያን ደቡባዊ መስኮት ሥር የመታሰቢያ ጽሑፉን አንብቡ፣ ከዚያ ቀና ብላችሁ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ሃይስታክስ ተመልከቱ። በዚያ መስኮት ፊት ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል፤ የ77ን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት ጠዋት ስትወጡ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ አድርጉ።